የበረንዳው ትምህርት ቤት

አንድ ወዳጄ ሱቅ አለው። አለው ከምል ቆልፎበታል ብል ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር ያለ፣ ስድስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ በሩ ወደ ላይ የሚጠቀለል ቆርቆሮ የሆነ ሱቅ ነው። ጨረታውን ያሸነፈ ዕለት "ከእንግዲህ ጡረታዬ ይቺ ናት" ብሎ ግብዣ አድርጎልን ነበር። መጀመሪያ የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ተከራየው፤ ስምንት ወር ሠርቶ ወጣ። ቀጥላ የሕፃናት ልብስ የምትሸጥ ሴት ገባች፤ እሷም ዓመት ሳትሞላ ዕቃዋን በሚኒባስ ጭና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ዝግ ነው። በመደዳው ካሉት ሱቆች ግማሾቹም ዝግ ናቸው። ክፍት የሆኑት አንዱ የሚሸጠውን ሌላውም ይሸጣል፤ እንቁላል፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ የሞባይል ካርድ። እኔ ራሴ አንድ ቀን እንቁላል ልገዛ ሄጄ ከየትኛው እንደምገዛ ሐፍረት ይዞኝ ያውቃል፤ ሦስቱም ባለሱቆች በራቸው ላይ ቆመው ያዩኛላ!

ታዲያ በቅርቡ የወዳጄ ልጅ አንድ ነገር ይዛ መጣች። ባንክ ነው የምትሠራው። "አባዬ፣ የዘጋኸውን ሱቅ ቅዳሜና እሑድ ስጠኝ" አለችው። ምን ልታደርግበት? ሽመና፣ ጥልፍና የሸክላ ሥራ ልታስተምርበት። የምታስተምረው እሷ አይደለችም፤ ባለሙያ አምጥታ ነው። የሚማሩት ደግሞ እንደሷ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወንበር ላይ የሚውሉ፣ ጣታቸው ከኪቦርድ በቀር ሌላ ነገር የረሳባቸው የቢሮ ሰዎች ናቸው። ከፍለው ነው የሚማሩት።

ወዳጄ ይህን ሰምቶ አላደረም፤ እኔ ዘንድ መጣ።

"ስማ፣ አንተ የድሮ መጽሐፍ ታገላብጣለህ። ሱቅ ትምህርት ቤት ሲሆን ሰምተህ ታውቃለህ?"

"ከመስማትም አልፌ ተምሬበታለሁ።"

"እሺ ይሁን። ሽመና ተምረውስ ምን ሊሆኑ ነው?"

"ምንም።"

"ሰው ምንም ላይሆን ነው ገንዘብ የሚከፍለው?"

ለዚህኛው ጥያቄ የዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ለመጀመሪያው ግን ነበረኝ።

እኔ የተማርኩት በረንዳ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ባደግኩባት ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው ፊት ለፊት የአንድ የመናዊ ሱቅ ነበር። "ዓረብ ቤት" ነበር የምንለው። ውስጡ አቡጀዲው፣ ካኪው፣ ቴትሮኑ በመደርደሪያ ላይ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ከበሩ ግራና ቀኝ፣ በረንዳው ላይ፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ሲንጀር መኪናቸውን ተክለው ይውላሉ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እናቴ "ከመንገድ ትሰብስቡልኝ" ብላ ለአንደኛው ሰጠችኝ። ክፍያ የለም፤ ደብተር የለም፤ "ዛሬ የምንማረው" የሚል ነገርም የለም። የመጀመሪያውን ክረምት የፈጀሁት የከሰል ካውያ ሳርገበግብ ነው። ፍሙ እስኪቀላ ካውያውን ማወዛወዝ፣ ከዚያ አመዱ ልብሱ ላይ እንዳይረግፍ እፍ ብሎ አራግፎ ለጌታዬ ማቀበል። በሁለተኛው ክረምት ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም ተፈቀደልኝ። የመኪናውን ፔዳል የረገጥኩት በሦስተኛው ነው፤ እሱም በወዳደቀ ቁራጭ ጨርቅ ላይ። መቀሱን ግን እስከ መጨረሻው አልነካሁም። መቀስ የጌታው ነው። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፤ የተሳሳተ መቀስ ግን የሰው ጨርቅ ይበላል።

ያኔ ያልገባኝ፣ አሁን ሳስበው የሚገርመኝ የዚያ በረንዳ ሒሳብ ነው። ባለሱቁ ከልብስ ሰፊዎቹ የበረንዳ ኪራይ አይቀበልም ነበር። ለምን ይቀበላል? ሱሪ ማሰፋት የፈለገ ገበሬ መጀመሪያ ሰፊው ዘንድ ይመጣል። ሰፊው ይለካውና "ሁለት ሜትር ከሩብ ካኪ ይዘህ ና" ብሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ጨርቁ ይሸጣል። ሰፊው ለሱቁ ደንበኛ ያመጣል፤ ሱቁ ለሰፊው ጥላ ይሰጣል። እኔ ደግሞ ጉልበቴን እሰጣለሁ፤ ሙያ እቀበላለሁ። ከአራታችን (ገበሬውን ጨምሬ ነው) ማንም ለትምህርት የከፈለ የለም፤ ትምህርቱ ግን ነበረ። የቆመውም ሥራ ፈትቶ በሚውል፣ ዕቃ በማይደረደርበት ሁለት ሜትር በረንዳ ላይ ነው።

በብዙ የአገራችን ከተሞች የልብስ ስፌት የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ሽመናው፣ ሸክላው፣ ብረት ቅጥቀጣው፣ ቆዳ ፍቀቱ እንዲህ ባለ በረንዳ ላይ አልወጡም። የማንም እናት በክረምት ልጇን "ከመንገድ ትሰብስቡልኝ" ብላ ለሸክላ ሠሪ አልሰጠችም። ለምን ቢባል፣ እውነቱን መናገር አለብን፤ ሙያው ይናቅ ነበርና ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው "ጠይብ" ይባላል፤ ዓይኑ ይፈራል። ሸክላ ሠሪዋ በቀን ድስቷን የገዛት ሰው ማታ "ቡዳ ናት" ይላታል። ለሸማኔውም ስድብ አልጠፋለትም። በጎንደር ዘመን በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች በተለየ ሰፈር እንዲቀመጡ ተወሰነ። ከመካከላቸው ነጋዴውና ሸማኔው ብዙ ነበር። ቤተ እስራኤሎችም ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩ፣ ግንብ ሲገነቡ የኖሩት በራሳቸው ሰፈር ነው። ሰፈር ሲለይ ሙያም አብሮ ይለያል። አባት ለልጁ፣ እናት ለልጇ ካልሆነ ለሌላ የሚያስተምር አልነበረም፤ ሌላውም ልማር ብሎ አልመጣም። ብዙ ጊዜ "ባለሙያዎቻችን ምሥጢር ይደብቃሉ" ስንል እሰማለሁ። ለሰው ስድብ እንጂ ጥያቄ ይዘን ሳንሄድ ምኑን ነው የደበቁን?

ነገሥታቱ ይህ ሳይታያቸው አልቀረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ ነበር፤ የአገሬው ሰው እንዲለምድም ከጎናቸው ያቆሙ ነበር። ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ ነው። ዓላማው መድፍ ስለነበረ ጋፋት ከመቅደላ በኋላ አልዘለቀም። ከዚያ ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. አንድ አዋጅ አወጁ፤ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከለከሉ። የአዋጁ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እየሰደባችሁ ሠራተኛውን አጥፍታችሁ አገሬን ማረሻ እንኳ የሚሠራላት ልታሳጧት ነው፤ ከእንግዲህ የተሳደበ አንድ ዓመት ይታሰራል። ንጉሥ በሚሳደብ ሰው ላይ የእስር ቅጣት እስከሚያውጅ ድረስ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ገምቱ። በአዋጁ የታሰረ ሰው ታሪክ እኔ አላጋጠመኝም። ስድቡ ግን እኔ ልጅ ሳለሁም ነበረ።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሙያም እንግዳም አብሮ መጣ። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ በጊዮርጊስ ዙሪያ በአራዳ ገበያ ቆመ። ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ የመኑ ሱቅ ከፈተ። የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. እስኪያስወጣው ድረስ ከትልልቆቹ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። አርመኖቹ በፒያሳ ወርቅ ሠሩ፣ ጫማ ሰፉ፣ ልብስ ሰፉ። እነሱ ዘንድ ለመላላክ የገባ ልጅ መዶሻና ወረንጦ ለማቀበል ይሾማል፤ ዓመታት ቆይቶ ባለሙያ ሆኖ ይወጣል። በዚያው ዘመን ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፈሩ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ በቀጨኔ። ከተማዋ ነጠላውንም ጀበናውንም ትፈልጋለች። ሆኖም አንዱ ሙያ ፒያሳ ላይ መስታወት ያለው ሱቅ ሲያገኝ፣ ሌላው በጭቃ ቤት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀረ። ጉድጓድ ያልኩት ለምሳሌ አይደለም። የባህሉ የሽመና ዕቃ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ሸማኔው ከአፉ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ ነው የሚረግጠው። ጉድጓድ ደግሞ የሚቆፈረው በራስ ቤት፣ በአፈር ወለል ላይ ነው። ማን ሱቁን ያስቆፍራል?

መንግሥትም የእጅ ሙያን ትምህርት ቤት ሊያስገባው ሞክሯል። በእቴጌ መነን ስም የተጠራ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነበረ፤ በ1934 ዓ.ም. የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። ሁሉም ጥሩ ነው። እኔ ግን ከእነዚህ ይልቅ ልቤን የሚስበው ሰው የረሳው አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ የታይፕ ትምህርት ቤት። ዕድሜው የደረሰ አንባቢ ያስታውሰዋል። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከሱቅ በላይ ወይም ከሱቅ ጀርባ፣ ስምንት ወይም አሥር አሮጌ የጽሕፈት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የጣቶች ሥዕል። ማታ ማታ በመንገዱ ስታልፍ የሚሰማው ጫጫታ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ሰው ለዚያ ይከፍል ነበር። ከቀን ሥራው መጥቶ፣ ከደመወዙ ቆርሶ ይከፍላል። በኋላ ታይፑ ሄዶ በቦታው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገባ፤ ከጎኑም የፀጉር ሥራና የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ።

እንግዲህ ወዳጄን ያስደነቀው "ሱቅ ውስጥ ማስተማር" በዚህ ከተማ አዲስ አልነበረም። ያልነበረው ሌላ ነው። ሰው ከፍሎ የተማረው ወደ ቢሮ የሚያደርሰውን፣ ቢያንስ የዕለት እንጀራ የሚያበላውን ነው። ታይፕ የተማረ ጸሐፊ ይሆናል። ሽመና የሚያውቀው ግን ሽመናን ጥሎ ታይፕ ሊማር ይመጣ ነበር።

በረንዳውስ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አለ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ብዙ ነገር ተብሎለታል፤ ስለ ሱቅ ግን ብዙም አልተባለለትም። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተወለት። የንግድ ቤትም ቢሆን ባለቤቱ ራሱ ለሚሠራበት ሥራ መንግሥት ከፈቀደለት ነው። ያከራየው ተወረሰ፤ ከመንግሥት በቀር ማንም የቤት ኪራይ እንዳይቀበል ተከለከለ። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። በከተማችን የነበሩት የመናዊ ያን ጊዜ አገራቸው ገቡ፤ እንደሳቸው የሄዱ ብዙ ነበሩ። ሱቁ የቀበሌ ሆነ። የጨርቁ መደርደሪያ ላይ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ጨው ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዎቹ ጥቂት ቆዩና ተነሡ። ስኳር በራሽን ሊወስድ የተሰለፈ ሰው ሱሪ አያሰፋምና!

አዋጁን መርገም ቀላል ነው። እኔም ስረግመው ኖሬያለሁ። ግን ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልጨምር። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዐሥርት ዓመታት አልተነቃነቀም። በዚያች ጥቂት ብር ኪራይ የተነሣ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ስንት ልብስ ሰፊ፣ ስንት ጫማ ሰፊ፣ ስንት ሰዓት አዳሽ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከነተለማማጁ ኖሯል! ኪራይ የማያስጨንቀው ጌታ ልጅ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ልጁ ሦስት ክረምት ካውያ ቢያርገበግብ ቦታውን አልበላበትም። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የእደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ድርጅት ተቋቁሞ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተደረገ። ሸማኔውም "ወዛደር" ተባለና ለጊዜው ስድቡ ጋብ አለ፤ ቢያንስ በስብሰባ ላይ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቦታ ዋጋ አወጣ። የትም የነበረ በረንዳ ተከለለና ሱቅ ሆነ፤ የሱቁ ሱቅ፣ የደረጃው ሥር ሱቅ ሆነ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በየመንገዱ ዳር ሰዉ "የአርከበ ሱቅ" ያላቸው የቆርቆሮ ሱቆች ተደረደሩ። ሕንፃዎች ወጡ፤ በሕንፃዎቹ ውስጥ ሱቆች በሱቅ ላይ ተነባበሩ። ኮንዶሚኒየሞቹ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሲሠሩ ከሥራቸው የንግድ ቤት ተደርጎ በጨረታ ተሸጠ። ሁሉም ሱቅ የሚሸጥበት ነው፤ የሚሠራበት አይደለም። ካሬ ሜትሩ በብር በሚለካበት ቦታ ተለማማጅ ልጅ የት ይቀመጣል? አሮጌዎቹ ጠባብ ክፍሎችም ዕድሜያቸው አጠረ፤ በ2016 ዓ.ም. ብቻ በፒያሳ ስንት አሮጌ ሱቅ ከነበረንዳው ፈረሰ። ታሪኩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ በዛና በረንዳ ጠፋ፤ ከዚያ ሱቁ ራሱ በዝቶ ሥራ ፈታ። የወዳጄ ሃያ አራት ካሬ ሜትር ከልጅነቴ በረንዳ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ከሥራ መፍታቱ በቀር የጎደለው የለም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። አሳጥሬ ነው የነገርኩት፤ ለአንባቢ እንደማስረዝመው አላስረዘምኩበትም። "እንግዲህ ይሁን" አለ። ቀጥሎ የተነሡት እናቱ ናቸው።

"በሰንበት ፈትል?" አሉ።

እማማ እውነት አላቸው። የሴት ወይዘሮ እንዝርት በሰንበት አይሾርም። አሁን "ዊኬንድ" የምንለው ነገር ለእኛ የመዝናኛ ቀን ከመሆኑ በፊት እጅ የሚታሠርበት ቀን ነበር። ደብረ ምጥማቅ ላይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ሆነው እንዲከበሩ ሲወሰን ስለ ሁለት ቀን ዕረፍት ነው የተወሰነው፤ ሰዉ ዊኬንድን ከፈረንጅ ያመጣን ይመስለዋል እንጂ። ታዲያ የልጅ ልጃቸው "እማማ፣ እኔ እኮ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው የምሠራው፤ ይሄ ለእኔ ሥራ አይደለም" ብትላቸው እማማ ዝም ብለው አዩዋት። "ሸማኔውስ? ለሱም ሥራ አይደለም?" አሉ። ልጅቷ መልስ አጣች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን፣ ሽመናው ደግሞ ቅዳሜ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ቅዳሜን እማማ እንዴት እንደለቀቋት አልገባኝም።

ከዚያ ልጅቷ "ጋሼ፣ ሸማኔውን አብረን እናናግር" አለችኝና ሽሮ ሜዳ ወጣን። የገቢያው ሱቆች በየደጃቸው ነጠላና ቀሚስ ሰቅለዋል። ሸማኔዎቹ ግን ሱቆቹ ውስጥ አይደሉም፤ ከጀርባ ባለው መንደር ነው ያሉት። ያናገርናቸው ሰው ሽበታም ናቸው፤ እጃቸው መወርወሪያውን ሳያዩ ነው የሚይዘው። ልጅቷ ነገሩን አስረዳቻቸው። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ገንዘብ አይደለም።

"ለምን ይማሩታል?" አሉ።

"ደስ ስለሚላቸው።"

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ የነገሩን ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ሲሄዱ የድርና ማግ ብናኝ ከፀጉራቸው ላይ እንዳይታይ ጠዋት ጠዋት ውሃ ይቀቡ ነበር። "ዶርዜ" እየተባሉ እንዳይሰደቡ። የራሳቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ሽመናውን ትተውታል፤ አንዱ ሹፌር ነው፣ አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ። "እኔ ነኝ ተዉት ያልኳቸው" አሉ። "አሁን የናንተ ልጆች ከፍለው ሊማሩት ነው?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ ምኒልክ አዋጅ አውጀው ነበር ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ምን ያደርግላቸዋል?

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን፤ እዚያ ላይ እሳቸው ከሁለታችንም የተሻሉ ነጋዴ ሆኑ። የሴራሚክ ወለል እንደማይቆፈር ሲሰሙ "ከፍ ብሎ በእንጨት የሚቆም ይሠራል፤ እግር ከወንበር ነው የሚረግጠው" አሉ፤ እሳቸውም አሁን በዚያው ነው የሚሠሩት። በሃያ አራት ካሬ ሜትር ውስጥ ከአራት ዕቃ በላይ አይገባም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አራት ተማሪ። ስምንት አድርገን በየተራ እናሠራቸው ስትል "ቆሞ የሚያይ አይለምድም" አሏት። ባዘቶ መፍተል ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም፤ ድውሩ ተገዝቶ ይምጣ፣ ድሩን እሳቸው አዘጋጅተው ያምጡ፣ ተማሪው ማግ ከመወርወር ይጀምር። ጥለት መሥራት በአራት ቅዳሜ አይታሰብም። "ፎጣ ሠርተው ይዘው ይግቡ፤ ሰው የሠራውን ይዞ ካልገባ አይመለስም" አሉ። ይህንን የነገራቸው የንግድ አማካሪ የለም።

የሸክላው ነገር ይበልጥ ያስቸግራል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ነው ጭቃውን የሚያነሡት፤ የሚተኩሱት ደግሞ በገላጣ ቦታ በማገዶ እሳት ነው። ኮንዶሚኒየም ሥር እሳት አይነድም። የልጅቷ ዕቅድ ሱቁ ውስጥ ተሠርቶ ደርቆ ቀጨኔ ተወስዶ እንዲተኮስ ነው። ስንቱ በመንገድ ይሰበራል? ለዚያኛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንነጋገር ብለናል። ፈቃዱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ወዳጄ ሱቁን የገዛው ለንግድ ነው፤ ፈቃዱ የችርቻሮ ነው። ማሠልጠን ሌላ ዘርፍ፣ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ሰልፍ።

የተጋጨነው በድርሻ ላይ ነው። የወዳጄ ሐሳብ ሸማኔውን በቀን ሒሳብ መክፈል ነበር፤ የቀን ሠራተኛ እንደሚከፈለው። ያኔ እኔ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በልጅነቴ በረንዳ ላይ ጌታው ማን እንደሆነ ያከራከረ ሰው አልነበረም። መቀሱን የያዘው ነው ጌታው። ባለሱቁ ባለሱቅ ነው፣ ሰፊው ጌታ ነው፣ እኔ ተለማማጅ ነኝ። አሁን ባለሱቁ አለ፣ ከፋይ ተማሪው አለ፤ ጌታው ነው ወደ ቀን ሠራተኛ የወረደው። "ኪራዩን ቀንስና የቀረውን ለሦስት ተካፈሉ" አልኩ። ወዳጄ "ባዶ ሱቅ ይዤ አንተ በኔ ንብረት ቸር ትሆናለህ" አለኝ። "ባዶ ሱቅህ አሁን ስንት ያስገባል?" አልኩት። ለሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም።

ያስታረቀችን ልጅቷ ናት። ከኪራዩ ግማሹን እስከ ዓመት ተውልኝ ብላ አባቷን ለመነች፤ ከተማሪ ከሚገባው ግማሹ የሸማኔው እንዲሆን በወረቀት ጻፈች። እሳቸው ወረቀቱን በልጃቸው አስነበቡና ሁለት ነገር አስጨመሩ። አንደኛው፣ ከሰፈራቸው ልጆች የሚፈልግ ካለ ያለ ክፍያ አንድ ቦታ ይሰጠው። "ካለ" ነው ያሉት፤ እሳቸውም መኖሩን አላመኑም። ሁለተኛው፣ በሩ ላይ በሚሰቀለው ሰሌዳ ላይ ስማቸው ከነአባታቸው ይጻፍ።

ወዳጄ በዚህ በሁለተኛው ደነገጠ። "የሸማኔ ስም ሰሌዳ ላይ ምን ያደርጋል? ሰው ሱቁ የሳቸው ይመስለዋል" አለ። እኔም ቤቴ ገብቼ ያለኝን ነጠላና ጋቢ ሁሉ አውጥቼ አየሁ። ከእናቴ የቀረልኝ ጋቢ አለ፤ ማን እንደሠራው አላውቅም። እናቴም የምታውቅ አይመስለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰሌዳ ጻፊው መጥቶ ለካ። ከላይ "የሽመና ትምህርት" ይላል፤ ከሥሩ የሸማኔው ስም። ወዳጄ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያይ ቆየና "የስማቸውን ፊደል ትንሽ አሳንሰው" አለው። ልጅቷ "አይነስ" አለች። ሰሌዳ ጻፊው ሜትሩን እንደዘረጋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል።